የማይወጋው ጆንያ

ወረታ ላይ ሩዝ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ገንዘቡን ሳይሆን መውጊያውን ነው። መውጊያ የሚሏት አንድ ክንድ የማትሞላ፣ ጫፏ የሾለ ባዶ የብረት ቧንቧ ናት። ገዢው ከጆንያው ጎን ሰካ ያደርጋትና ሲመዛት ከመሃል አንድ እፍኝ ሩዝ ይዛ ትወጣለች። ያንን በመዳፉ ዘርግቶ ያያል፣ ያሸታል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ስለ ዋጋ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እንደ ስድብ የሚቆጥር የለም። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ብሎ የተረተው ሰው የእህል ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም።

የሀቢባ ሙህዲን ጆንያ ግን አይወጋም ነበር።

ሀቢባ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሱቋ ወደ ጎንደር በሚያወጣው አስፋልት ዳር፣ ግቢዋ ከሱቁ ጀርባ ነው። ገበሬው ያልተፈተገ ሩዝ ያመጣላታል፤ በግቢዋ አስጥታ ታደርቀዋለች፤ መፈተጊያ ቤት ወስዳ ታስፈትገዋለች፤ ነጩን ሩዝ በጆንያ ሞልታ አፉን በቀይ ክር ራሷ ትሰፋዋለች። ሦስት ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፣ መጨረሻ ላይ ድርብ ቋጠሮ። ከአንበሳሜም ይምጣ ከጎንደር፣ ያንን ቀይ ክር ያየ ነጋዴ መውጊያውን ወደ ኪሱ ይመልሳል።

ይህ ክብር ከሰማይ አልወረደላትም። ባሏ ሞቶ የአንድ ዓመት ልጅ ታቅፋ በቀረች ጊዜ፣ ለአንበሳሜ ነጋዴ የሸጠችው ጆንያ ውስጥ ጠጠር ተገኘ ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን በአላህ ምሎ ይክድ ነበር። ሀቢባ መኪና ተሳፍራ ሄደች፤ ጆንያውን አስጭና አመጣች፤ በወረታ ገበያ መሃል ገልብጣ አፈሰሰችው። "ሩዙም የኔ ነው፣ ጠጠሩም የኔ ነው" አለችና በምትኩ ሌላ ሰጠች። ያን ቀን የሳቁባት ሰዎች ነበሩ። በዓመቱ ግን ጆንያዋን የሚወጋ ጠፋ።

የሚገርመው ሀቢባ ራሷ የሰው እህል ሳትወጋ አትገዛም። ካልወጋች እንቅልፍ አይወስዳትም። ከዚህ ደንብ ውጭ የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ አያ መንግሥቴ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እህላቸውን በአህያ ጭነው ሲመጡ እሷ በእጇ ወደ መጋዘኑ እያመለከተች "ያስገቡት፣ አያ መንግሥቴ" ትላቸዋለች። ሌላው ገበሬ ጆንያው እስኪወጋ ቆሞ ሲጠብቅ እሳቸው በመሃሉ ያልፋሉ። ሲያልፉም ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ። ሚስታቸው ድንቅነሽ "ወረታ የሚሄድ ቀን እንደ ሙሽራ ነው የሚያረገው፤ እግሩን ታጥቦ፣ ደህናውን ጋቢ ለብሶ" እያለች ታሾፍባቸዋለች።

ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር፤ አንዲት ቃል ከባሕር ዳር እስክትመጣ ድረስ።

ቃሏን ያመጣችው የሀቢባ ልጅ ሰአዳ ናት። ያች በጨቅላነቷ አባቷ የሞተባት ልጅ ዛሬ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆናለች፤ ለሥራዋም ፈረንሳይኛ ተምራለች። በኅዳር ወር እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ሱቁ በር ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ የአንበሳሜው ነጋዴ አብዱልአሊም መጣ። ስምንት ጆንያ አንዱንም ሳይነካ አስጭኖ ሄደ። ሰአዳ ሳቀች።

"እማ፣ ፈረንሳዮች እኮ ለዚህ ነገር ቃል አላቸው። ካሼ ይሉታል።"

"ደግሞ እሱ ምንድን ነው?"

"ድሮ ማኅተም ማለት ነበር። ደብዳቤ ሲልኩ ሰም አቅልጠው አፉን ያትሙታል። ማኅተሙ የትልቅ ሰው ከሆነ ደብዳቤው ገና ሳይከፈት ይከበራል። እየቆየ ክብሩም ራሱ ካሼ ተባለ። እንግዲህ ሰውም ሆነ ቤት፣ ዕቃም ቢሆን፣ ሳይመረመር የሚከበር ከሆነ ካሼ አለው ይሉታል።"

"ውስጡ ባዶ ቢሆንስ?"

"እማ ደግሞ!"

"ሌላ ትርጉም የለውም? እውነቱን ንገሪኝ።"

"አለው። የሚዋጥ ኪኒንም ካሼ ይባላል። ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ለሥራው የሚከፈለውም ካሼ ነው።"

"አየሽ!" አለች ሀቢባ። "ማኅተም፣ ኪኒን፣ የዘፋኝ ክፍያ። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ቤት የሚዞር ከሆነ አመል አለበት ማለት ነው።"

ቃሉ ግን እሷን አልጠየቃትም። ሰአዳ ለአክስቷ ልጅ ነገረች፤ እሷ ለሻይ ሻጯ፤ ሻይ ሻጯ ለወረታ በሙሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከብት ተራ ላይ አንዱ ደላላ የፎገራ ወይፈን ይዞ "ቀንዱን ተዉት፣ ካሼውን እዩ!" ሲል ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም "ካሼ" ብሎ ጻፈ። ሻይ ሻጯ ስኳር የበዛበትን ሻይ "ካሼ ያለው" ብላ በተለየ ብርጭቆ ማቅረብ ጀመረች። አዲስ ግብር መስሏቸው የፈሩ ሽማግሌም ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን ሰዉ "ካሼ ማለት የሀቢባ ሩዝ ነው" ይል ነበር።

ሀቢባ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። መዋሸት አያስፈልግም፤ በጣም ደስ አላት። ደስታው ግን ብቻውን አልመጣም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስም ያልነበረውን ነገር ይዛ ኖራለች፤ ስም ስለሌለው ይጠፋል ብላ አስባ አታውቅም። አሁን ስም ወጣለት። ስም የወጣለት ነገር ደግሞ ይፈለጋል፤ የሚፈለግ ነገር ይሰረቃል፤ እሷ እንዲህ ነው የምታስበው። የቀይ ክሩን ጥቅል ከሱቅ መደርደሪያ አንስታ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ስትሰፋ በር ትዘጋ ጀመር። የምታውቃቸው ሰዎች "ካሼሽ እንዴት ነው?" ብለው ሲቀልዱባት ምን ፈልገው ነው ትላለች።

ታኅሣሥ ሲገባ የጎረቤት ነጋዴ አንድ ወሬ ጣለላት፤ ዘንድሮ ገበሬው እህሉ እንዲከብድለት ውሃ እየረጨ ያመጣል አላት። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራችም። እርጥብ ሩዝ በጆንያ ውስጥ ይሻግታል፤ የሻገተ ሩዝ በቀይ ክር ተሰፍቶ አንበሳሜ ቢከፈትስ? ሌላ ጊዜ ከገበሬው የገዛችውን እህል ግማሽ ቀን ብታሰጣው ይበቃት ነበር። ዘንድሮ አምስት አምስት ቀን በሸራ ላይ ታውለው ጀመር።

በዚህም አላበቃች። ሲመሽ ስጡን የሚሰበስቡት የቀን ሠራተኞች ሴቶች ነበሩ። ስጡን ሲያነሱ በቀሚሳቸው እየቋጠሩ የሚወስዱባት መሰላት። አንዷንም ይዛ አታውቅም፤ ግን ማን ያውቃል? ስለዚህ ስጡ እንዳይነሳ አዘዘች። በተዘረጋበት ይደር፤ ዘበኛ ይጠብቀው። ጠዋት ስትወጣ ጤዛው ሸራውን አርሶት ታገኘዋለች፤ ጣና ቅርብ ነውና የፎገራ ጤዛ እንደ ካፊያ ነው። "ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል" ትልና ወደ ሱቋ ትገባለች።

በታኅሣሥ አጋማሽ በአንድ የገበያ ቀን አብዱልአሊም መጣ። ሰላምታው አጠር ያለ ነበር። ከተደረደሩት ጆንያዎች ፊት ቆመ፤ ቀዩን ክር አየ፤ ከዚያም እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ መውጊያውን አወጣ። በአካባቢው የነበረው ሰው ወሬውን አቋረጠ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ ሀቢባ" አለና ወጋው።

በመዳፉ ላይ የፈሰሰው ሩዝ ግማሹ ስባሪ ነበር። ለሀቢባ አሳያት።

"ባለፈው የወሰድኩትም እንዲህ ነው። ደንበኞቼ 'ይሄ ተፈጭቶ ለእንጀራ እንጂ ተቀቅሎ የሚበላ አይደለም' ብለው መለሱልኝ። ወላሂ ለማንም አልተናገርኩም። ግን ከእንግዲህ ሳልወጋ አልገዛም።"

ሀቢባ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አብዱልአሊም ምንም ሳይገዛ ሄደ፤ ሰዉም የሚያየው ሌላ ነገር ያለው መስሎ ተበተነ።

እንግዲህ ጥርጣሬ የለመደ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመው ራሱን አይጠረጥርም። መጀመሪያ ክሯን አስመስሎ የሰፋ አለ ብላ ስፌቱን መረመረች። ሦስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፤ የራሷ እጅ ነው። ቀጥላ የመፈተጊያ ቤቱን ባለቤት ካሴን ጠረጠረች፤ ጥሩውን ቀይሮ ስባሪ ሰጥቶኝ ይሆናል አለች። ግን ሲፈተግ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ከማሽኑ ዓይኗን አንሥታ አታውቅም። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባትና አልለቃት አለ። የሁሉንም ገበሬ እህል ወግቻለሁ፤ ያልወጋሁት የአያ መንግሥቴን ብቻ ነው። በር ከፍቼ የተውኩት ለእሳቸው ብቻ ነው። ሌባ ከገባ በተከፈተው በር ነው የገባው። ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባል የለ! ሳምንቱን ሙሉ ይህን ስታመነዥክ ሰነበተች፤ ባመነዠከች ቁጥርም እውነት እየመሰላት ሄደ።

በሚቀጥለው ገበያ አያ መንግሥቴ ሁለት አህያ ጭነው መጡ። ደህናውን ጋቢያቸውን ለብሰዋል። እንደ ወትሯቸው በተሰለፉት ገበሬዎች መሃል አልፈው ወደ መጋዘኑ ሊገቡ ሲሉ ሀቢባ ከፊታቸው ቆመች። መውጊያውን ይዛለች።

"አያ መንግሥቴ፣ ይቁሙ።"

ጆንያውን ወጋችው። ያልተፈተገው ሩዝ በመዳፏ ላይ ፈሰሰ። ዓይን የሚስብ፣ ንጹሕ እህል ነበር። እሷ ግን ላዩን አላመነችም። ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ሰበረች፤ አሸተተች፤ ደግማ ወጋች። አያ መንግሥቴ እህሉን አያዩም ነበር፤ መውጊያውን ነው የሚያዩት።

"እቴ ሀቢባ፣ ምን ሆንሽ?"

"እኔ ምንም አልሆንኩም። የእርስዎ እህል ነው ስባሪ የሚወጣው። ውሃ ሳይረጭበት አልቀረም።"

"ውሃ?" አሉ ቀስ ብለው። "የኔን እህል?"

"እንዲከብድ ይሆናል" አለች ሀቢባ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያለችው።

አያ መንግሥቴ አልተቆጡም፤ አልማሉም። የተወጋውን ጆንያ መልሰው ጫኑ፤ መጫኛውን አጠበቁ፤ አህዮቻቸውን አዙረው ሄዱ። ሲያልፉ ከተሰለፉት ገበሬዎች አንዱ ፊቱን አዞረ። ሀቢባ በልቧ "ጥፋተኛ ባይሆኑ ዝም አይሉም ነበር" አለች። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ደህና ሰው በታሰረ!

ከቀትር በኋላ ካሴ ከመፈተጊያ ቤቱ በእግሩ መጣ። የሩዝ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ሳይራገፍ፣ በጨርቅ የቋጠረውን ባንኮኒው ላይ ፈታው። ነጭ ሩዝ ነው፤ ረጅም፣ ሙሉ፣ ከመቶው ሁለት ስባሪ የማይገኝበት።

"የማን ነው?" አለች ሀቢባ።

"ከበርዎ የመለሱት ነው። አያ መንግሥቴ ቀጥታ እኔ ዘንድ መጥተው 'ፈትግልኝ፣ ዓይኔ እያየ' አሉኝ። ይኸው።"

"ተማክራችሁ ነው?"

ካሴ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ሳይጠየቅ ወደ ጓሮ አልፎ ከሸራው ላይ አንድ እፍኝ አፍሶ ተመለሰ። አንዷን ፍሬ በጥፍሩ ላጠና በበሩ ብርሃን ፊት ያዛት።

"ይዩ።"

በፍሬዋ ወገብ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ሌላ ላጠ፤ እሱም ላይ አለ። ሦስተኛዋ በጣቱ ላይ ለሁለት ተከፈለች።

"ይህ ማሽን ሳይነካው የተሰበረ ነው። ስንት ቀን አሰጡት?"

"አምስት።"

"ማታስ ይነሳል?"

ሀቢባ በጓሮው በር በኩል ወደ ሸራው አየች።

"እትዬ ሀቢባ፣ የደረቀ ሩዝ ጤዛ ጠጥቶ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ሆዱ ይሰነጠቃል። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ሲፈተግ ግን እንክትክት ይላል። ይህን እኔ ነኝ ለእርስዎ የምነግር? 'የሩዝ ስጥ ፀሐይ ሳይገባ ይነሳ' እያሉ ግቢውን የሚዞሩት አባትዎ አልነበሩም?"

አባቷ ነበሩ። ስለ ሩዝ ያውቃል የሚባል ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ሀቢባ ታውቅ ነበር፤ ስጡ ለምን እንዳደረ ለካሴ መናገር ግን አፈረች። ሴቶቹን ጠርጥራ ነው ያሳደረችው። ገበሬውን ጠርጥራ ነው አምስት ቀን ያደረቀችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

ስለ ሩዙ የሚገባትን አደረገች። በማግስቱ በቀይ ክር የተሰፉትን አሥራ አንድ ጆንያዎች በሰው ፊት ፈታች፤ "ስባሪውም የኔ ነው፣ ማንም የነካው የለም" አለች። ለአብዱልአሊም ደውላ ይህንኑ ነገረችው። ደግ ሰው ነውና ተመልሶ መግዛት ጀመረ። ግን እየወጋ ነው የሚገዛው፤ እሱ ሲወጋ ያየ ሌላውም ይወጋል። ይህን ቻለችው። የጎዳችው ራሷን ነውና ዋጋዋን ከፈለች። ያልቻለችው የአያ መንግሥቴን ነገር ነው። ያን ጋቢ፣ ያን ዞሮ መሄድ ባሰበች ቁጥር የያዘችውን ሥራ ትታ በር ላይ ትቆማለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

አንድ ሽማግሌ ይዛ ቁሐር ሚካኤል ሄደች። ማሳው ታጭዶ ከብቱ ቃርሚያ ላይ ተሰማርቷል፤ መንገዱ ከክረምቱ ጭቃ ገና መድረቁ ነው። አያ መንግሥቴ ከደጅ ተቀብለው አስገቧት። ቤቱ የገና ጾም ላይ ነው፤ ድንቅነሽ ግን ለእንግዳዋ ወተት ቀዳች። ሽማግሌው ነገሩን አነሡ፤ ሀቢባ ተነሥታ "በድየዎታለሁ" አለች፤ እንባዋ መጣ። አያ መንግሥቴ አላስጨረሷትም።

"ይቅር ለእግዜር" አሉ። "እህል አምጣ ካልሽኝም አመጣለሁ።"

ተመራረቁ። ሀቢባ ልቧ ቀልሎላት ወጣች። ድንቅነሽ እስከ አጥሩ ሸኘቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እውነቱን ነው ይቅር ያለሽ፤ ቂም አያውቅም። ግን ያን ቀን ከገበያ ሲመለስ፣ እቴ፣ ሰው እንዳያየው በጓሮ ዞሮ ነው የገባ።"

ቤቷ ስትደርስ ሀቢባ ለሰአዳ ደወለች።

"እነዚያ ፈረንሳዮች" አለች፤ "ማኅተሙ አንዴ ከተሰበረ ምን ያደርጋሉ?"

"ሌላ ሰም ያፈሳሉ መሰለኝ፣ እማ።"

"በዚያው ደብዳቤ ላይ?"

"እሱን አልተማርንም" አለች ሰአዳ።

ጥር ሲገባ፣ በገበያ ቀን፣ ሀቢባ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን ታያለች። ገበሬዎቹ ተሰልፈዋል። ረፈድ ሲል የአያ መንግሥቴ አህዮች ብቅ አሉ። ጋቢያቸው የዘወትሩ ነው። ሀቢባ መውጊያውን ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

"ያስገቡት፣ አያ መንግሥቴ!" አለች።

እሳቸው አላስገቡም። ጆንያውን ከአህያው አውርደው ሌሎቹ ጆንያዎች በሚወጉበት ቦታ፣ በሰልፉ መጨረሻ አቆሙት። ተራቸው እስኪደርስ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁ። ሲደርስ "ውጊው" አሏት።

"ይቅር ብለውኝ የለ እንዴ?"

"ብያለሁ፤ ከልቤ ነው። ሰው ግን አይቷል። ሳትወጊው ብትወስጂው ለኔ አዝነሽ ነው የሚሉሽ። እኔ ደግሞ የሚታዘንለት እህል የለኝም። ውጊው።"

ሀቢባ መውጊያውን አመጣች። ሰካችው፤ መዘዘችው፤ እህሉን በመዳፏ ላይ አፈሰሰችው። ሊወጣለት የሚችል እንከን አልነበረውም።

"ጥሩ ነው" አለች። ጎንበስ ብላ በጆንያው ጎን የተከፈተውን ቀዳዳ በጥፍሯ እያሻሸች ልትደፍነው ሞከረች።

"ተይው፣ እቴ" አሉ አያ መንግሥቴ፤ ወደ ሁለተኛው አህያ እየሄዱ ነበር። "ለሚመጣው ገበያም ይኸንኑ ጆንያ ነው የማመጣው። በዚያው ትወጊበታለሽ።"